የኒያንደርታሎች የድንጋይ መሣሪያ፦ ተለወጠ ወይስ ባለበት ቆመ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኒያንደርታሎች በተነሣ ቁጥር «300 ሺህ ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ድንጋይ ሲጠርቡ ኖሩ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ከዚያ ተነሥተው የሚመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ኒያንደርታሎች እነማን ናቸው? መቼስ ኖሩ?

ከእኛ ጋር አንድ የዘር ግንድ ያላቸው፣ በአውሮፓና በምዕራብ እስያ፣ ወደ ምሥራቅም እስከ ሳይቤሪያው አልታይ ተራሮች ድረስ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ስያሜው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1856 አጥንታቸው ከተገኘበት፣ ጀርመን ውስጥ ካለው የኒያንደር ሸለቆ ነው። በስፔን አታፑዌርካ፣ ሲማ ደ ሎስ ዌሶስ ከሚባለው የዋሻ ጉድጓድ የወጡና 430 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ አጥንቶች በዲኤንኤ ሲመረመሩ የዚሁ ዘር ቀደምቶች ሆነው ተገኝተዋል። ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዱካቸው ይጠፋል።

ደማቸው ግን አልጠፋም። መሠረታቸው ከአፍሪካ ውጭ የሆነ ሕዝቦች ከዘረ መላቸው ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነውን ያገኙት ከእነሱ ነው። በኢትዮጵያውያንም ዘንድ ጥቂት ይገኛል፤ ከእስያ ወደ አፍሪካ ቀንድ በተመለሱ ሰዎች በኩል የገባ ነው።

በኢትዮጵያ የኒያንደርታል ቅሪት ተገኝቷል?

አልተገኘም። በአፍሪካ ምድር እስካሁን የትም አልተገኘም። በዚያው ዘመን በኦሞ ኪቢሽና በአፋሩ ሄርቶ ይኖሩ የነበሩት የእኛው የሆሞ ሳፒየንስ ቀደምቶች ናቸው። የኢትዮጵያ ድንጋዮች ግን ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማነጻጸሪያ ስለሆኑ ከታች ደጋግመን እንመለስባቸዋለን።

ድንጋዩን እንዴት ነበር የሚሠሩት?

በጣም የታወቀው ዘዴያቸው ለቫሉዋ ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ናሙናዎቹ ከተገኙበት፣ ከፓሪስ አጠገብ ካለችው ለቫሉዋ-ፔሬ ነው። ሠሪው መጀመሪያ ጥሩ ባልጩት ይመርጣል። በእጅ በሚያዝ ክብ ድንጋይ ዙሪያውን እየመታ ጠርዙን ያነሣል። ቀጥሎ ከዚያ ጠርዝ ወደ መሀል እየፈለጠ የላይኛውን ፊት እንደ ኤሊ ጀርባ ጎበጥ ያደርገዋል። ከዚያ አንዱን ጫፍ በትናንሽ ምቶች አስተካክሎ የመጨረሻውን ከባድ ምት ያሳርፋል። ተፈልጦ የሚወጣው ቁራጭ ሰፊ፣ ስስና ዙሪያውን ስለታም ነው፤ ቅርጹም ከመፈለጡ በፊት የታሰበበት ነው።

ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ዛሬ ለሙከራ ብለው ድንጋይ የሚጠርቡ ተመራማሪዎች ግን ችግሩን ያውቁታል፦ ጉብታው ትንሽ ካነሰ ወይም የምቱ ማዕዘን ከሳተ ፍላጩ መሀል ላይ ተሰብሮ ይቀራል፤ ወይም የድንጋዩን የታችኛውን ጫፍ ይዞት ይሄዳል። ያኔ ፊቱን እንደ አዲስ ማሰናዳት ነው። ይህን ሌላው ሲሠራ ሳያዩ ብቻን መልመድ ስለሚከብድ፣ ለቫሉዋ በኒያንደርታሎች ዘንድ ልጅ ከአዋቂ ይማር እንደነበረ ምስክር ተደርጎ ይጠቀሳል።

«ሙስቴሪያን» ሲባልስ?

ለቫሉዋ አንድ የአፈላለጥ ዘዴ ነው፤ ሙስቴሪያን ደግሞ የዘመኑ የመሣሪያ ባህል አጠቃላይ ስም ነው። ስሙን ያወጣው ፈረንሳዊው ጋብሪኤል ደ ሞርቲዬ ሲሆን፣ የወሰደውም በዶርዶኝ ካለው ለ ሙስቲዬ ከተባለው የገደል ጥግ ነው። በዚህ ስም ሥር መፋቂያዎች፣ ሹል ጫፎች፣ ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ ያለው ፍላጮች፣ አንዳንዴም የእጅ መጥረቢያዎች ይገባሉ። ሙስቴሪያን የተባለ ሁሉ በለቫሉዋ የተሠራ አይደለም፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

መሣሪያቸው ድንጋይ ብቻ ነበር?

አልነበረም፤ ድንጋይ ስለማይበሰብስ ብቻ ነው ታሪኩን ሁሉ የያዘው። በፈረንሳይ አብሪ ፔሮኒና ፔሽ ደ ላዜ ከእንስሳት ጎድን አጥንት፣ በተለይ ከዱር ከብት ወገን፣ የተሠሩ፣ ቆዳ ለማለስለስ የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው 50 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። በጣሊያን ሞሼሪኒ ዋሻ የባሕር ዛጎል ጠርዙን ወቅረው እንደ መፋቂያ ተጠቅመውበታል። በአብሪ ዱ ማራስ ደግሞ ከአንድ ፍላጭ ጋር ተጣብቆ ሦስት ቃጫ አብሮ የተገመደበት የክር ቁራጭ ተገኝቷል። ክር ካለ ማሰር አለ፣ መጥለፍ አለ፣ ምናልባት ከረጢትም አለ።

እና እውነት ይህን ሁሉ ዘመን ምንም አልተለወጠም?

መሠረቱን ካዩት ብዙም አልተለወጠም፤ ዝርዝሩን ካዩት ግን ብዙ ተለዋውጧል። ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ300 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በፊት ዋናው ዕቃ የእጅ መጥረቢያ ነበር፦ አንድ ድንጋይ ከሁለት ወገን ተጠርቦ ራሱ መሣሪያ ይሆናል። በኋላ ግን የሚፈለገው ከድንጋዩ የሚወጣው ፍላጭ ሆነ። በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ኦርኛክ 3 በሚባለው ቦታ ይህ ሽግግር ከታችኛው የአፈር ንብርብር ወደ ላይኛው እየወጡ ሲሄዱ ይታያል፤ የእጅ መጥረቢያው እያነሰ፣ ለቫሉዋው እየበዛ ይመጣል። በአንድ ጀምበር የሆነ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ቀጥ ያለ መንገድ አይደለም። ከ100 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሰሜን ፈረንሳይ ሴክላንና ሪያንኩር በሚባሉ ቦታዎች ኒያንደርታሎች ረጃጅም፣ ጠባብ፣ ምላጭ መሰል ፍላጮችን በብዛት ያወጡ ነበር። ምላጭ መሰል ፍላጭ ለብዙ ዘመን የሆሞ ሳፒየንስ መለያ ተደርጎ ሲቆጠር የነበረ ነገር ነው። ዘዴው ቆይቶ ከአካባቢው ጠፋ። ሊረሳ የተቃረበው የእጅ መጥረቢያ ደግሞ ከ60 ሺህ ዓመት ወዲህ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ አነስ ብሎና የልብ ቅርጽ ይዞ ተመለሰ፤ በእንግሊዝ ሊንፎርድ ከማሞዝ አጥንት ጋር የተገኙትም የዚያው ዘመን ናቸው።

ስለዚህ አዳዲስ ነገር አልጎደለም። የጎደለው አዲሱ በአሮጌው ላይ እየተደራረበ መሄዱ ነው። የ250 ሺህ ዓመቱ ሠሪ የ50 ሺህ ዓመቱን ዕቃ ቢያይ ምንነቱ አይጠፋውም ነበር፤ ምናልባት ወስዶ ይሠራበት ነበር። «ቆሞ ቀረ» የሚለው ቃል ለዚህ አይስማማም ብዬ አምናለሁ።

ዘመኑን በምን ያውቁታል?

የታወቀው የሬዲዮካርቦን ልኬት ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ በላይ ብዙም አያገለግልም፤ የኒያንደርታሎች ታሪክ አብዛኛው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ በእሳት የተቃጠለ ባልጩት ከተቃጠለ ወዲህ፣ የአሸዋ ቅንጣት ደግሞ ፀሐይ ካየ ወዲህ በውስጡ ያጠራቀመውን ኃይል ይለካሉ። የስህተቱ መጠን ብዙ ጊዜ በሺዎች ዓመታት ይቆጠራል። ይህ ለጥያቄያችን ትልቅ ነገር ነው፦ በመቶ ዓመት ውስጥ መጥቶ የጠፋ ለውጥ ቢኖር እንኳ በዚህ ዓይነት መለኪያ ላይታይ ይችላል።

ለቫሉዋን የፈለሰፉት ኒያንደርታሎች ናቸው?

እነሱ ብቻ ናቸው ማለት አይቻልም። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በጋደሞታና በቁልቁለቲ የተገኙት የኦብሲዲያን፣ ማለትም የጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ባልጩት መሣሪያዎች ከ276 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ ከመካከላቸው በለቫሉዋ የተሠሩ አሉ። ያ ሥራ የኒያንደርታል እጅ አልነካውም። በአርሜኒያ ኖር ጌጊ ደግሞ ከ325 ሺህ ዓመት በላይ ባስቆጠረ የአፈር ንብርብር ውስጥ የእጅ መጥረቢያና ለቫሉዋ አብረው ተገኝተዋል።

ከአፍሪካ ተነሥቶ ተሰራጨ የሚሉ ነበሩ፣ አሁንም አሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ሌላው ወገን ነው፦ የእጅ መጥረቢያ መጥረብ የቻለ ሰው የለቫሉዋን ግማሽ ያውቀዋል፤ ሁለት ፊት ማበጀት፣ ጠርዝ ማሰናዳት፣ ማዕዘን መጠበቅ እዚያው ውስጥ አለ። የቀረውን በተለያየ ቦታ የተለያዩ ሰዎች ሊደርሱበት ይችላሉ።

«አምስት ዓይነት ሙስቴሪያን አለ» የሚባለው ምንድን ነው? ጭቅጭቁስ?

ፈረንሳዊው ፍራንሷ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የፍላጭ መሣሪያዎችን በ63 ዓይነት ከፋፍሎ ቆጠረ። በየንብርብሩ የሚገኘውን ብዛት ሲያወዳድር አምስት ቡድን ወጣለት፤ አንዱ በመፋቂያ የበለጸገ፣ ሌላው በጥርሳም ጠርዝ፣ ሌላው የእጅ መጥረቢያ ያለበት እያለ ይቀጥላል። ለእሱ አምስቱ እንደ አምስት ነገዶች ነበሩ፤ እያንዳንዱ የራሱን ወግ ይዞ የኖረ ሕዝብ። አሜሪካዊው ሉዊስ ቢንፎርድ አልተቀበለውም፦ ልዩነቱ የሥራ ልዩነት ነው፣ እዚህ ቆዳ ይፋቃል፣ እዚያ እንጨት ይጠረባል አለ። እንግሊዛዊው ፖል ሜላርስ ደግሞ ኮምብ ግሬናልን በመሳሰሉ፣ በደርዘን የሚቆጠሩ ንብርብሮች ባሏቸው ቦታዎች ቅደም ተከተሉን አይቶ ቢያንስ ሦስቱ በዘመን የሚከታተሉ መሆናቸውን አሳየ፤ ፌራሲና ኪና ከተባሉት ሁለት በመፋቂያ የበለጸጉ ቡድኖች ፌራሲ ከታች፣ ኪና ከላዩ፣ የእጅ መጥረቢያ ያለበት ከሁሉም በላይ።

አሜሪካዊው ሃሮልድ ዲብል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያመጣው ሐሳብ ከእነዚህ ይለያል። ቦርድ የተለያየ ዓይነት ብሎ የቆጠራቸው ብዙ መፋቂያዎች አንድ ዕቃ በተለያየ የዕድሜ ደረጃው ላይ ናቸው አለ፤ በተሳለ ቁጥር እያጠረ፣ እየጠበበ፣ ቅርጹን እየለወጠ የሄደ። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኮንሶ ቆዳ የሚፋቀው በድንጋይ ነበር፤ ባለሙያዎቹም ሴቶች ናቸው። ድንጋዩ እንጨት እጀታ ላይ በሙጫ ተጣብቆ ይገባል፤ በዶለዶመ ቁጥር ጠርዙ በትናንሽ ምቶች ተወቅሮ ይሳላል፤ መያዣው አጠገብ ሲደርስ ይነቀልና ይጣላል። የተጣለውን አጭር ጉማጅና ገና ያልተነካውን ረጅም መፋቂያ ጎን ለጎን ያየ እንግዳ ሁለት ዓይነት መሣሪያ ነው ቢል አይፈረድበትም። ከኮንሶ ሌላ በጋሞ፣ በሀዲያና በጉራጌም ሙያው በተመራማሪዎች ተጠንቷል። ሙያውን በንቀት ማየት የለመደ ሰው ካለ፣ የዓለም አርኪዮሎጂስቶች የድንጋይ መፋቂያን አኗኗር የተማሩት ከእነዚህ እጆች መሆኑን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ዲብል ሁሉንም አልፈታም። የኪና ፍላጮች ከመጀመሪያው ወፍራም እንዲሆኑ ታስበው የተፈለጡ ናቸው፤ በመሳል ብዛት ወፍራም አይኮንም። ዛሬ አብዛኛው ሰው ከአራቱም ጥቂት ጥቂት ይወስዳል።

አየሩ ሲቀዘቅዝ መሣሪያውም ይለወጥ ነበር?

አንዳንዴ አዎ። ጥሩው ምሳሌ ይኸው ኪና ነው። ከ70 ሺህ እስከ 60 ሺህ ዓመት በፊት በነበረው ብርቱ ቅዝቃዜ፣ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ጆንዛክና ሌ ፕራዴልን በመሰሉ ቦታዎች የኪና መሣሪያ ከአጋዘን አጥንት ክምር ጋር ይገኛል። ከመንጋው ጋር ረጅም መንገድ የሚሄድ አዳኝ ባልጩት የትም አያገኝም። ወፍራም ፍላጭ ደግሞ ደጋግሞ ይሳላል፤ ሲሳል የሚወድቀው ስባሪም ራሱ ስለት ይሆናል። ብርድ ባለበት ሁሉ ኪና አለ ማለት ግን አይደለም።

ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አንድ ዓይነት ነበር?

አልነበረም። በመካከለኛውና በምሥራቅ አውሮፓ አንዱ ጎኑ የተሳለ፣ ሌላው ለመያዣ ወፍራም ሆኖ የተተወ ቢላዋ መሰል መሣሪያ ነበር፤ ጀርመኖች ካይልመሰር ይሉታል። በምዕራብ ፈረንሳይ ቦታውን የያዘው የልብ ቅርጹ የእጅ መጥረቢያ ነው።

በጣም የሚገርመው የሳይቤሪያው ቻጊርስካያ ዋሻ ነው። ከ50 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ እዚያ የነበሩ ኒያንደርታሎች ዕቃ ብዙም ከማይርቀው ከዴኒሶቫ ዋሻ ዕቃ ይልቅ ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀውን የምሥራቅ አውሮፓን ይመስላል። ዲኤንኤውም ያንኑ ይናገራል፤ ዝምድናቸው ቀደም ሲል በዴኒሶቫ ከኖረችው ኒያንደርታል ይልቅ ለክሮኤሽያው ቪንዲያ ዋሻ ይቀርባል። ሰዎቹ ሲሰደዱ አሠራራቸውን ይዘው ሄደዋል ማለት ነው። አህጉር ተሻግረው እንኳ የአባቶቻቸውን ቢላዋ አልተዉም።

ለውጡ ለምን አዘገመ? አእምሯቸው ደካማ ስለነበር ነው?

ይህን ለማለት የሚያበቃ ነገር የለም። በጣሊያን ካምፒቴሎ ከ200 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የድንጋይ ፍላጭን በበርች ዛፍ ቅርፊት ዝፍት ሸፍነዋል። ያ ዝፍት እንደ ሙጫ ከዛፍ አይንጠባጠብም፤ ቅርፊቱን በእሳት አግሎ ማውጣት ይጠይቃል። ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ የፈረንሳይ የእጅ መጥረቢያዎች ላይ ደግሞ ብልጭታ ለማውጣት ፓይራይት በሚባል ማዕድን የተመቱበት የሚመስል ጭረት ይታያል።

የእኛው ወገን በዚያ ዘመን ምን ይሠራ እንደነበርም ማየት ተገቢ ነው። የእጅ መጥረቢያ በኮንሶ ከ1.75 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነበር፤ በሄርቶ ከ160 ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሆሞ ሳፒየንሶች አጠገብም ተገኝቷል፣ ከለቫሉዋ ጋር። በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሀበራ የነበሩ ሰዎች ኒያንደርታሎች ከጠፉ በኋላም ቢሆን የመካከለኛውን ድንጋይ ዘመን አሠራር አልለቀቁም ነበር። ረጅም እርጋታ የዘመኑ ጠባይ ነው፤ የአንድ ዘር ጉድለት አይደለም።

ከምክንያቶቹ እኔ ክብደት የምሰጠው ለቁጥራቸው ማነስ ነው። በቻጊርስካያ አባትና ልጁ፣ ከሌሎች ዘመዶች ጋር፣ በዲኤንኤ ተለይተዋል፤ ቡድኑም ከ10 እስከ 20 ሰው ይሆናል ተብሎ ተገምቷል። በፈረንሳይ ማንድሪን ዋሻ የተገኘው «ቶሪን» የተባለው ኒያንደርታል ወገኖች ከሌሎቹ ጋር ለ50 ሺህ ዓመት ገደማ ሳይዋለዱ እንደኖሩ ዘረ መሉ ያሳያል። አሥራ አምስት ሰው ባለበት ቡድን ጎበዙ ጠራቢ ያለ ጊዜው ቢሞት ዘዴው አብሮት ይቀበራል። የሚተርፈው ሁሉም የሚያውቀው፣ ሁሌም የሚያበላው ነው።

ድንጋዩን ብቻ አይቶ «ይህ የኒያንደርታል ነው» ማለት ይቻላል?

በአውሮፓ ለብዙው ዘመን ይቻላል፤ ሌላ ሰው ስላልነበረ። በመካከለኛው ምሥራቅ ግን አይቻልም። እስራኤል ውስጥ በናዝሬት አጠገብ ባለው ቃፍዜና በቀርሜሎስ ተራራው ስኩል ከ120 ሺህ እስከ 90 ሺህ ዓመት በፊት የነበሩት ሆሞ ሳፒየንሶች ናቸው። በዚያው በቀርሜሎስ፣ በከባራ ዋሻ፣ ከ60 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተቀበረው ኒያንደርታል ነው። ሁለቱም ለቫሉዋን ይሠሩ ነበር፤ ፍላጮቹ ተቀላቅለው ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ማን የማንን እንደሠራ መለየት ይቸግራል። እዚያ አካባቢ አብሮት አጥንት ካልተገኘ ለድንጋዩ ባለቤት ስም ከመስጠት መቆጠብ ይሻላል።

ሻቴልፔሮኒያንን የሠራው ማን ነው?

በፈረንሳይና በሰሜን ስፔን ከ40 ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ድንገት የሚታይ አሠራር ነው፦ ምላጭ መሰል ፍላጭ፣ ጀርባው የደነዘ ቢላዋ፣ በአርሲ-ሱር-ኪዩር ግሮት ዱ ሬን ደግሞ የአጥንት መሣሪያና የተበሳ ጥርስ ጌጥ። እ.ኤ.አ. በ1979 በሳን-ሴዜር ከዚሁ ዕቃ ጋር የኒያንደርታል አጽም ሲገኝ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ኒያንደርታሎች በመጨረሻ ሰዓት ተለወጡ ተባለ፤ አንዱ ከሆሞ ሳፒየንስ አይተው ነው አለ፣ ሌላው በራሳቸው ነው አለ።

ከዚያ ጥርጣሬው መጣ። በሳን-ሴዜር አጽሙና ዕቃው በእርግጥ የአንድ ጊዜ ናቸው ወይ የሚል ጥናት ወጣ። በግሮት ዱ ሬን በፕሮቲንና በዲኤንኤ የኒያንደርታል አጥንት ተለይቶ ሳለ፣ በኋላ ደግሞ ከዚያው የአፈር ንብርብር የወጣ የጨቅላ ሕፃን የዳሌ አጥንት ቅርጹ ወደ ሆሞ ሳፒየንስ ያደላል ተባለ። በማንድሪንም ከ54 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የሆሞ ሳፒየንስ ሕፃን ጥርስ በጣም ትናንሽ ከሆኑ ሹል ጫፎች ጋር ተገኝቷል፤ ከሥሩም ከበላዩም ያለው ንብርብር የኒያንደርታል ነው። ከበላዩ ባለው ሙስቴሪያን ውስጥ ከእነዚያ ትናንሽ ጫፎች የተቀዳ የሚመስል ነገር አልተገኘም።